የዘለልኳት መስመር

ይህ ከሆነ በመጪው ሰኔ ሁለት ዓመት ይሞላዋል። ላስታውሰው ብዬ አልቀመጥም፤ ለሰው ወረቀት ባነበብኩ ቁጥር ራሱ ይመጣብኛል። የምሠራው ሐይቅ ከተማ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለሆነ ደግሞ የማላነብበት ቀን የለም።

ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ ነው። አንደኛ ክፍል ስገባ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛን የጨረስኩት በማታ ትምህርት፣ አግብቼ ነው። በተጻፈ ነገር መቀለድ የማልችለው ለዚህ ይሆናል። ስታነብ አንዲት ቃል የዘለለች ተማሪ ካየሁ "ተመለሽ፣ እንደገና" እላታለሁ። ልጆቹ በሌለሁበት "እንደገና መጣች፣ እንደገና ሄደች" እያሉ ነው የሚጠሩኝ። አውቃለሁ። እንዲያውም ደስ ይለኝ ነበር።

የመጀመሪያ ልጄን ያማጥኩት በባለቤቴ በሰይድ እናት ቤት ነው፤ ከውጫሌ በላይ፣ መኪና በማይደርስበት የአምባሰል መንደር። አማቴን እማማ ዘሀራን አገሩ ሁሉ ያውቃቸዋል። ምጥ የያዛትን ሴት ወገብ የሚደግፉት፣ አራስ የሚያርሱት እሳቸው ናቸው። ሁለት ቀን ሙሉ እጃቸው ከወገቤ ሳይነሳ ዋሉ፣ አደሩ። በሦስተኛው ቀን የመንደሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው አስፋልት ድረስ አወረዱኝ። ደሴ ደርሼ በቀዶ ሕክምና ሲያወጡት ልጁ ሞቶ ነበር።

ቤት ስመለስ ሴቶቹ የመጡት ለቅሶ ለመድረስ ነው። ገንፎ የለ፣ እልልታ የለ። በእኛ አገር አራስ ሆዷ በመቀነት ይታሰራል፤ ልጆች ወልዳ ያሳደገች ሴት የገዛ መቀነቷን ከወገቧ ፈትታ ነው የምታስራት። እኔን ማንም አላሰረኝም። ሐዘንተኛ አይታሰርማ። እማማ ዘሀራ ከጥግ ተቀምጠው እጃቸውን ያገላብጡ ነበር። "ቶሎ ሐኪም ቤት አለመላኬ፣ ቶሎ አለመላኬ" ይላሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

ሦስት ዓመት ቆይቼ ሁለተኛዋን አረገዝኩ። ሐኪሙ ማሕፀኔ በፊት የተሰፋ መሆኑንና ዳሌዬም ጠባብ መሆኑን ነገረኝ። "ይሄኛውን ምጥ ሳይጀምርሽ በቀጠሮ እናወጣዋለን" አለ። ሰኞ ቀን ተቆረጠልኝ።

እኔ ለቀጠሮ የተፈጠርኩ ሰው ነኝ። ደብተር ገዝቼ ሁሉንም ጻፍኩ። ደም የሚሰጡ ሁለት ሰዎች፣ የልጅ ልብስ፣ ሁለት ነጠላ፣ ፔርሙስ፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ምግብ እንደማልቀምስ፣ ቤት ማን እንደሚጠብቅ። የተሟላውን በቀይ እስክርቢቶ ምልክት አደርግበታለሁ።

"ልጅ በቀጠሮ!" አለችኝ ጎረቤቴ አሰለፈች ደብተሩን አይታ። "እንደ ፍርድ ቤት! ዳኞች ካልተሟሉ ለሚቀጥለው ወር ይባል ይሆን?"

"ዝም በይ አንቺ!"

"ተይ እንጂ፣ እኔ ስድስቱንም ስወልድ ቀጠሮ የሰጠኝ የለም።" ከዚያ ሳቋን አቆመች። "ምጡንማ ባለፈው ጨርሰሽዋል፣ ከድጃዬ። የቀረሽ ልጁ ነው።"

ቀዶ ሕክምናው እንደጻፍኩት ሆነ። በጀርባዬ መርፌ ወጉኝና ከወገቤ በታች ደነዘዘ። ስናፍቀው የኖርኩትን ድምፅ ሰማሁ፤ ሴት ልጅ። በኋላ ሰአዳ አልናት። ግን ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ አንድ ነገር እንደተካሄደ ብቻ ነው የተሰማኝ፤ እኔ እንደወለድኩ አልተሰማኝም። ክፍሌ ውስጥ አጠገቤ የተኛችው ሴት ዘመዶች ሲጠይቋት አንዷ ወደ እኔ አገጯን ቀስራ፣ "ይቺማ በእግሯ መጥታ ነው፣ ምጥ የሚባል አታውቅ" አለች። በክፋት አይደለም። ያየችውን ነው የተናገረችው። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፤ ስፌቱ ስላመመኝ እሱንም በደንብ መዞር አልቻልኩም።

በአራተኛው ቀን የጥንቃቄ ወረቀት ተሰጥቶኝ ወጣሁ። ሐይቅ ስንደርስ እማማ ዘሀራ ከአምባሰል ወርደው ቤት ጠበቁን። የገብስ ዱቄትና የከረመ ቅቤ ይዘዋል። ልጅቷን ተቀብለው ጆሮዋ ላይ ዱዓ አደረጉ። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጡና ወረቀቱን አመለከቱኝ።

"ከድጃዬ፣ ምን ይላል? አንብቢልኝ። ሐኪም ያለውን እንዳላጠፋ። ባለፈው ያጠፋሁት ይበቃኛል።"

ማንበብ ጀመርኩ። እሳቸው ለእያንዳንዱ መስመር አንድ ጣት ያጥፋሉ። ቁስሉ ደረቅና ንጹሕ ይሁን፤ አንድ ጣት። ከልጅሽ የሚከብድ አታንሺ፤ ሁለት። መድኃኒቱን ሳታቋርጪ ጨርሺ፤ ሦስት። ቀስ እያልሽ ተራመጂ፤ አራት።

አምስተኛዋ መስመር እንዲህ ትላለች፦ "ሆድሽን አጥብቀሽ አትሰሪ፤ ቁስሉ ላይ ቅቤም ሆነ ሌላ ነገር አትቀቢ።"

ዓይኔን ከወረቀቱ ሳነሳ እማማ ዘሀራ መቀነታቸውን ፈትተው ጉልበታቸው ላይ አጥፈው አስቀምጠዋል። አዲስ አይደለም፤ ስንት ሴት የታሰረችበት ነጭ፣ ጫፉ የሳሳ መቀነት ነው። መቼ እንደፈቱት አላየሁም። ፊታቸውን አየሁ። እነዚያን ዓመታት ሁሉ ያልጠየቅኩትን ነገር ሊሰጡኝ ነው የመጡት።

ዘለልኳት። "ትኩሳት ወይም መግል ካየሽ ቶሎ ነይ" የምትለዋን አነበብኩ።

"አምስት" አሉ፣ አውራ ጣታቸውን አጥፈው። "አልቋል?"

"አልቋል፣ እማ።"

እጃቸውን ታጥበው ነው የመጡት፤ ይህንን መጻፍ አለብኝ። ቁስሉን አይተው "ወይ ልጄን" አሉ። ቅቤውን በጣታቸው ጫፍ፣ እንቁላል እንደሚነካ ሰው ቀቡት። ከዚያ አሰሩኝ። "አብሽሪ፣ አሁን ይሰበሰብልሻል" አሉ። አለቀስኩ። ያመመኝ መሰላቸው። አላመመኝም፤ መውለዴን ያመንኩት ያን ጊዜ ነው።

ልጅቷ በሰባተኛ ቀኗ ስም የወጣላት ዕለት ብርድ ብርድ ይለኝ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። አምስት ሆኖ የታጠፈውን ጣት አውቃለሁ፤ ትኩሳት ካልኩ ወረቀቱ ይወጣል፣ የዘለልኳትም መስመር ትነበባለች። በዘጠነኛው ቀን ሽታው መጣ። አሰለፈች ናት ያወቀችው፤ ገንፎ ይዛ ገብታ ከደጃፉ ላይ ቆመች፣ ሳህኑን መሬት አስቀመጠችና ሰይድን ጠራችው። በባጃጅ አስፋልት፣ ከዚያ በሚኒባስ ደሴ።

ሲስተሯ መቀነቱን ስትፈታ ስፌቱ ከሥሩ ተከፍቶ ነበር። ወጣት ናት፣ ተናዳለች።

"ማነው እንዲህ ያደረጋት? ወረቀት አልተሰጣችሁም? እንዲህ አታድርጉ ብለን ጽፈን አልሰጠናችሁም?"

እማማ ዘሀራ ከአልጋው ግርጌ ቆመዋል። ግራ ገብቷቸው እጃቸውን አዩ፤ ጣቶቻቸውን እንደገና አንድ በአንድ አጠፉ።

"እኔ ነኝ፣ ልጄ" አሉ። "እሷስ አንብባልኝ ነበር። ወላሂ አንብባልኛለች። እኔ ነኝ የረሳሁት። አርጅቻለሁ።"

እኔን ለመሸፈን የዋሹ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። አልዋሹም። ከድጃ መስመር ትዘላለች ብለው ሊያስቡ ስላልቻሉ ራሳቸውን ነው የተጠራጠሩት።

ሰይድ በእናቱ ላይ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። "ምነው ባትመጪ! አንዱ አልበቃሽም?" አለ። ክፍሉ ሁሉ ሰማ። እኔ ነቅቼ ነበር። አፌ ጤነኛ ነበር። "እኔ ነኝ" ማለት ሁለት ቃል ነው። ዓይኔን ጨፈንኩ።

እማማ ዘሀራ በማግስቱ ጠዋት ወደ አገራቸው ሄዱ። ልጅቷን ሳይስሙ። አሰለፈች እንደነገረችኝ ወገባቸውን በሻሽ ነበር ያሰሩት።

ሃያ ሁለት ቀን ተኛሁ። በየቀኑ ቁስሉን ከፍተው ያጥቡታል፤ ያንን ሕመም አልገልጸውም፣ ይገባኛል ብዬ ስለተቀበልኩት። ሰአዳ ሐይቅ ቀርታ አሰለፈች የጣሳ ወተት በጡጦ እያጠጣች አቆየቻት። ስመለስ ጡቴ ደርቋል። ሳቅፋት አንገቷን ወደ አሰለፈች ድምፅ ታዞር ነበር። ሦስተኛ ልጅ እንዳላስብ ሐኪሙ መክሮኛል።

ቁስሉ አሁን ድኗል። ስስልና ስስቅ ብቻ ይስበኛል፤ ሣቁ ብዙ አይደለም።

እማማ ዘሀራ ግን አልዳኑም። ምጥ የያዛት ሴት ዘንድ መሄድ ትተዋል። የገዛ ልጃቸው፣ የሰይድ እኅት ስትወልድ እንኳ ከደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር አሉ። "የተነገረኝን የማልይዝ ሰው ሆኛለሁ" ነው መልሳቸው። ባለፈው የመሬት ወረቀት ይዘው እኛ ዘንድ መጡ። ሰአዳ እየሮጠች ሄዳ ቀሚሳቸውን ስትይዝ እጃቸውን ወደ ኋላ ደበቁ፤ ሳያቅፏት በዓይናቸው ብቻ አዩዋት። ወረቀቱን አነበብኩላቸው። አንድም ነጥብ አልተውኩም።

"ድገሚልኝ፣ ልጄ" አሉኝ። "እኔ እረሳለሁ።"

ደገምኩላቸው። ጣታቸውን እያጠፉ ሰሙኝ። ስጨርስ "አላህ ይስጥሽ፣ ካንቺ ሌላ የማምነው የለኝም" አሉ። መቀነቱ ታጥቦ፣ ተጣጥፎ፣ ከተቀመጡበት ክንድ በማይሞላ ርቀት ሳጥኔ ውስጥ ነበር። ተነስቼ ላወጣላቸው፣ ሁሉንም ልነግራቸው አስቤ ነበር። ሻይ ልቅዳ ብዬ ተነሳሁ። እስከ አስፋልት ሸኘኋቸው፣ ሚኒባሱ ወደ ውጫሌ ይዟቸው ሄደ፣ እኔም ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቹን "እንደገና" ማለት ትቻለሁ። ሲዘሉ እሰማለሁ።

ይህን ልጽፍ የደፈርኩት እሳቸው ማንበብ ስለማይችሉ ነው፤ እሱንም አውቃለሁ። ግን ምናልባት በዚያ በኩል፣ ከውጫሌ በላይ፣ ለአንዲት ወገባቸውን በሻሽ ለሚያስሩ እናት ይህን የሚያነብላቸው ሰው ቢኖር አንድ ነገር እለምነዋለሁ። አንድም መስመር አይዝለልባቸው።