ከወንዙ ማዶ፣ ከሾላው ሥር

ማማ ከቢራ፣ ትልቋ እናት ብለን የምንጠራቸው አሮጊት፣ ከወንበሬ አልነሣም ማለት የጀመሩት ከረመዳን ወዲህ ነው። እኔ ጅዳ የተቀጠርኩት እሳቸውን ለመጠበቅ ነበር። ማዳም፣ ልጃቸው ማለት ናት፣ ጽዳቱንና ምግቡን ለሌላ ሠራተኛ ሰጥታ እኔን ከእናቷ ጋር አስቀመጠችኝ። አንዲት ዝምተኛ አሮጊት ምን ታደርገኛለች አልኩ። ወሎ ሳለሁ ሥራ ማለት ወገብ የሚቆርጥ ነገር ብቻ ይመስለኝ ስለነበር፣ ተቀምጦ ሰው መጠበቅ ሥራ ነው ቢሉኝ እስቅ ነበር።

የመርሳት ሕመም ነው የያዛቸው። መጀመሪያ የልጅ ልጆቻቸው ጠፉባቸው፣ ቀጥሎ የባላቸው መሞት፣ ቀጥሎ ጅዳ ራሷ። «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ይላሉ ወንበራቸው ላይ ሆነው። ቤቴ የሚሉት መካ፣ ጀርወል ሰፈር፣ ተወልደው ያደጉበትን ነው። እሱ ቤት ፈርሶ ሆቴል ከቆመበት ቆይቷል። «ኢንሻአላህ ነገ እንሄዳለን» እላቸዋለሁ። ወዲያው ይረሱታል።

አንዲት ግብፃዊት ፊዚዮቴራፒስት እየመጣች ታሠራቸዋለች። ቀይ ኳስና የላስቲክ ገመድ ይዛ ነው የምትመጣው። ኳሱን ቀስ አድርጋ ስትወረውርላቸው ማማ ከቢራ እንደማያውቁት መንገደኛ ሲያልፍ ያዩታል። ሁለት እጃቸውን ይዛ ከፊታቸው የኋሊት እየሄደች «ያላ ያ ማማ» ስትላቸው ደግሞ እግራቸውን ተክለው ይቀራሉ። ከፊት ሆኖ የሚጎትታቸውን ሁሉ ይፈሩ ነበር። ሴትዮዋ ግን ደግና ታጋሽ ነበረች። አንድ ቀን ዕቃዋን እየሰበሰበች እንዲህ አለችኝ፦

«ጭንቅላታቸው ረስቷል፤ እግራቸው ገና አልረሳም። እግር ከረሳ መልሰን አናስተምረውም። አልጋ ላይ ይቀራሉ። አልጋ ላይ ከቀሩ ደግሞ ብዙ አይቆዩም።»

እልህ ያዘኝ። እናቴ «ይቺ ልጅ ከሞተ በቅሎ ጋር ትጨቃጨቃለች» ትለኝ ነበር፤ እውነቷን ነው። እኔ እያለሁ እኒህ ሴትዮ አልጋ ላይ አይቀሩም አልኩ። ደግሞም ወድጃቸው ነበር። ሳበላቸው መጀመሪያ የእኔን አፍ በጣታቸው ይነኩና «በላሽ?» ይሉኛል። ከመጣሁ ጀምሮ በላሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሌላ ሰው አልነበረም።

ነገሩ የተገኘው በዚያው በቀዩ ኳስ ምክንያት ነው። ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ኳሱን ራሴ ሳንከባልልላቸው ሶፋው ሥር ገባ። ጎንበስ ብዬ እጄን ስሰድ ሁለት እጆች ትከሻዬ ላይ አረፉ። ቀጥሎ ደረት ጀርባዬ ላይ፣ ቀጥሎ ጉንጭ። ማማ ከቢራ ማንም ሳያነሣቸው ተነሥተው ጀርባዬ ላይ ተለጥፈዋል።

«ዳዳ፣ ሺሊኒ» አሉኝ። ዳዳ የድሮ የመካ ሰው ሞግዚቱን የሚጠራበት ነው። እዘይኝ ማለታቸው ነበር።

ቀጥ ብል ይወድቃሉ። ስለዚህ እንደ ጎበጥኩ አንድ እግሬን አነሣሁ፤ ተከተሉኝ። ሌላውን አነሣሁ፤ አሁንም ተከተሉኝ። ልጅ እንዳዘለች ሴት እሹሩሩ እያልኩ፣ ግራና ቀኝ እየተወዛወዝኩ ሳሎኑን አቋርጠን ኮሪደሩ ውስጥ ገባን። ከደስታዬ ብዛት ልጮኽ ምንም አልቀረኝም። ኮሪደሩ መሐል ስንደርስ ከማጅራቴ ሥር ቀጭን የልጅ ድምፅ ሰማሁ፤ በአማርኛ።

«ከወንዙ ማዶ፣ ከሾላው ሥር፣ የሸማኔው ልጅ ነኝ፣ እናቴ ታውቀኛለች።»

ማማ ከቢራ አማርኛ አያውቁም። ጂን ነው ብዬ ከቁርኣን አያተል ኩርሲን ጀመርኩ። ድምፁ ደገመው፤ ቃላቱ ቢንጋደዱም ዜማው አልተዛነፈም። እኔ ግን መራመዴን አላቆምኩም። ከጂኑ ይልቅ የፈራሁት የማማ ከቢራን መውደቅ ነበር።

ለማዳም ስነግራት ሳቀች። «እሱ የዳዳ እሹሩሩ ነው። እናቴ እኛንም በእሱ ነበር የምታስተኛን» አለችና እያንጎራጎረች አሰማችኝ፤ የልጅ ልጆቿንም በዚያ ዜማ ስታስተኛ ሰምቻት አውቃለሁ፣ ያለ ቃል። ዳዳ ሐበሻ ነበረች አለችኝ። ሰው በሚሸጥበት ዘመን ገና ልጅ ሆና ተገዝታ መካ ገባች፣ ጀርወል ባለው ቤት ማማ ከቢራን አዝላ አሳደገች፣ ባርነት በአዋጅ ሲቀርም የትም አልሄደችም፣ እዚያው ሞተች።

«አገሯን ጨርሳ ረስታዋለች ይሉ ነበር» አለች ማዳም። «እንደ ቤተሰብ ነበረች። ለመሆኑ ምን ማለት ነው ዘፈኑ?»

በአረብኛ እየፈታሁ ነገርኳት። ዘፈን እንዳልሆነም ነገርኳት። በእኛ አገር ልጅ ገበያ ሲወሰድ፣ የጠፋ እንደሆነ የሚለውን ያስጠኑታል። ሰው «የማን ልጅ ነሽ?» ሲልሽ እንዲህ በይ ይላሉ። እኔንም እናቴ ጆሮዬን ይዛ አስጠንታኛለች። ዳዳ ያንን ነበር የምትለው፤ እንዳይጠፋባት። የታዘለችው ልጅ ደግሞ ሰምታ ያዘችው።

«ኸላስ» አለች ማዳም ቀስ ብላ፣ በቃ ማለቷ ነው፤ የተቆጣች ግን አልነበረችም፤ ወደ ክፍሏ ገባች። ከዚያ ወዲያ ለረጅም ጊዜ ያንን ዜማ ስታንጎራጉር አልሰማኋትም።

እኔ ግን ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። የቱ ወንዝ? የቱ ሾላ? ወሎ ውስጥ ሾላና ወንዝ የሌለው መንደር የታል? የአገሩን ስም አልጠራችም። ትንሽ ስለነበረች ወንዝ ማለት ያ ወንዝ ብቻ ነው፤ ሾላውንም አገር ሁሉ የሚያውቀው መስሏታል። የሸማኔ ልጅ ስትጠፋስ ማን ይጮህላታል? ሸማኔን ቡዳ ነው እያለ የሚሸሽ ሰው ልጁን ፍለጋ አብሮት አይወጣም። እናትየዋ ብቻዋን ዞራ ዞራ ቀርታለች ብዬ አስባለሁ፣ አስቤም አለቅሳለሁ።

ሥራው ግን ሰመረ። አል-ባላድ ገበያ ወርጄ ከሐበሻ ነጋዴ ረጅም መቀነት ገዛሁ፤ ወገቤ ላይ ጠምጥሜ ጫፉን ለማማ ከቢራ እሰጣቸዋለሁ። ጎንበስ ስል ይነሣሉ፣ መቀነቱን ይይዛሉ፣ ጠዋትና ማታ ቤቱን እንዞራለን። ግብፃዊቷ መጥታ ስታይ አፏን ይዛ ቀረች። «ከፊት ነበር የምንመጣባቸው» አለች። ከዚያ በኋላ እሷ ከጎን እየሄደች ጉልበታቸውን ታያለች፣ እኔ ከፊት ሆኜ ጀርባዬን እሰጣለሁ። እግራቸው ጠነከረ፣ መብላት ጀመሩ፣ እንቅልፋቸውም ተመለሰ።

አንድ ነገር ልናገር። ወንበራቸው ላይ ሲሆኑ አንቱ ነበር የምላቸው፤ ጀርባዬ ላይ ሲሆኑ ግን አንቺ ነበር የሚወጣኝ። ድምፁ የአሮጊት አልነበረማ። ማንን እንዳዘልኩ አላውቅም ነበር፤ ማማ ከቢራን ይሁን ያቺን የሸማኔ ልጅ። ካስቀመጥኳቸው በኋላም ክብደቱ አይለቀኝም። ሶላት ስሰግድ፣ ሱጁድ ወርጄ ግንባሬ ምንጣፉን ሲነካ፣ ሁለት ትናንሽ እጆች ትከሻዬ ላይ ያርፋሉ። ዞሬ ለማየት እፈራለሁ። አሰላሙ አለይኩም ብዬ ወደ ቀኝ ስዞር ማንም የለም፣ ማማ ከቢራ በሌላው ክፍል ተኝተዋል። ለማንም አልተናገርኩም፤ ይቺ ሠራተኛ ታመመች ብለው እንዳይመልሱኝ።

ማማ ከቢራ ‹ቤቴ› ማለታቸው ሲበረታ ማዳም መካ ወስደን ዑምራ፣ የካዕባን ጉብኝት፣ እናስደርጋቸው አለች። ጀርወል፣ በቤታቸው ቦታ የቆመው ሆቴል ይዘን አደርን። ጠዋት ማዳም የሆቴሉን መኪና ማቆሚያ እያሳየቻቸው «እማዬ፣ ቤታችሁ እዚህ ነበር» አለቻቸው። ማማ ከቢራ መኪኖቹን አይተው ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

ሐረም፣ ታላቁ መስጊድ ውስጥ፣ ተሽከርካሪ ወንበር ይዘን ላይኛው ፎቅ ወጣን። ጠዋፉን፣ ካዕባን ሰባቴ መዞሩን፣ ስንጀምር እኔ ስገፋ ማማ ከቢራ ተቁነጠነጡ፣ ሊወርዱ ፈለጉ። ማዳም ራሷ ወንበሩን ተቀብላኝ «ስጫት» አለችኝ፣ በዓይኗ መቀነቱን እያሳየች። ጎንበስ አልኩ። መቀነቴን ይዘው ከኋላዬ መጡ፤ ማዳም ባዶውን ወንበር እየገፋች ተከተለችን። ካዕባን በግራ አድርገን እንዞራለን፣ ሰው ዱዓውን ያደርጋል፣ እኔም አደርጋለሁ፣ ማጅራቴ ሥር ደግሞ ያው ድምፅ ጀመረ። እንደዚያ ጮክ ብላ ብላው አታውቅም።

አጠገባችን የሚሄዱ አንዲት አሮጊት ዞር አሉ። ነጭ ነጠላ የተከናነቡ፣ ከአገር ቤት ለዑምራ የመጡ ወሎዬ ናቸው። አማርኛውን ሰምተው ማማ ከቢራን የአገራቸው ሰው አደረጓቸው፤ አልፈርድባቸውም፣ ማንስ ቢሆን ያደርገዋል። ፈገግ ብለው እንደ ማንኛውም የአገሬ ሰው ጠየቁ።

«ያ ረቢ! የማን ልጅ ነሽ የኔ እናት?»

በዚያ ሁሉ ዘመን ይህን ጥያቄ ማንም አልጠየቃትም ነበር። መቀነቱ ሲወጠር ተሰማኝ።

«የሸማኔው ልጅ ነኝ» አለች ከኋላዬ፣ ጥርት አድርጋ።

«የየት አገሩ ሸማኔ?»

«ከወንዙ ማዶ። ከሾላው ሥር።» ከዚያ ድምፁ ተንቀጠቀጠ። «እናቴ ታውቀኛለች።»

ሴትዮዋ እኔን አዩኝ። እንባዬ ይወርዳል። ምን እንደገባቸው አላውቅም። ጠጋ ብለው ማማ ከቢራን ትከሻቸው ላይ ሳሟቸው።

«ታውቅሻለች እንጂ» አሉ። «እንዴት አታውቅሽም፣ ልጇ አይደለሽ። አብሽሪ፣ ይኸው ደረስሽ።»

ሰው ገፋቸው፣ ሄዱ፣ ነጠላቸው ከሰው መሐል ጠፋ። መቀነቱ ላላ። ዞሬ ሳይ ማማ ከቢራ ጫፉን ለቀውታል። ማዳም ባዶውን ወንበር አቀረበችላቸው፣ ተቀመጡ። «ደከመኝ» አሉ በአረብኛ፣ በራሳቸው፣ በአሮጊት ድምፅ። የቀረውን ዙር እየገፋን ጨረስነው።

ጅዳ ስንመለስ በማግስቱ መቀነቱን ታጥቄ ፊታቸው ጎንበስ አልኩ። ጠበቅሁ። እሹሩሩ አልኩ። ዞር ስል ጀርባዬን እንደ ግድግዳ ያዩታል።

«አንቺ ማነሽ?» አሉኝ።

ያንን ቃል እኔ ራሴ አልኩላቸው፣ ከወንዙ ማዶ ብዬ፣ በዜማው። ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩ። ግብፃዊቷ ያልሞከረችው የለም፤ ጀርባዋን ሰጠች፣ ኳሱን አመጣች፣ ማዳምን ዜማውን አሰሚን ብላ ለመነች፤ ማዳምም እያለቀሰች አንጎራጎረች። እግራቸው ረሳ። በእኒያ ባለ ነጠላ ሴትዮ ብዙ ጊዜ ቂም ያዝኩባቸው። ምነው አፋቸውን በዘጉ፣ ምነው በሌላ ሰዓት በመጡ እላለሁ። ከዚያ ደግሞ ራሴን፣ አንዲት የጠፋች ልጅ ቤቷ ስትደርስ ምን ቅር አሰኘሽ እለዋለሁ። ሁለቱንም ከልቤ ነው የምለው።

አሁን ማማ ከቢራ አልጋ ላይ ናቸው። አገላብጣቸዋለሁ፣ እጃቸውን ዘርግቼ አጥፌ አፍታታለሁ፣ በጣም ቀለዋል። ሳበላቸው አፌን አይነኩም። እዚያው ክፍል ጥግ ላይ ምንጣፌን አንጥፌ እሰግዳለሁ፣ ሱጁድ እወርዳለሁ። ትከሻዬ ላይ ምንም የለም። ግንባሬን ሳላነሣ ትንሽ እቆያለሁ፤ ማንም አይመጣም።