ያልተሰናበተች ደንገጡር

እትዬ ስለ ነገሥታት ሲፈርዱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ሌላ ሰው ሲናደድ ይጮኻል፤ እሳቸው ግን አንድ የባሕር ማዶ ልዑል በቴሌቪዥን ቀርቦ የአባቱን ቤት ጉድ ሲያወራ ካዩ፣ ሪሞቱን ጭናቸው ላይ ያስቀምጡና በሹክሹክታ «ገበናውን አወጣ» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ያ ልዑል ለእሳቸው የለም። ሥዕሉ ሲመጣ ቻናል ይቀይራሉ።

እትዬ የእናቴ አክስት ናቸው። አምስት ኪሎ ትምህርት ሲደርሰኝ ዶርም ተሰጥቶኝ ነበር፤ እናቴ ግን «ብቻቸውን ናቸው፣ እሳቸው ዘንድ እደሪ» ስላለችኝ ፒያሳ እሳቸው ቤት ገባሁ። ቤቱ የድሮ የአራዳ ቤት ነው፤ ታችኛው ድንጋይ፣ ላይኛው ጭቃና እንጨት፣ ጠባብ ሰገነት ያለው። ከመንግሥት የሚከራዩት ቢሆንም እሳቸው «የእሜቴ ቤት» ነው የሚሉት። እሜቴ ከንጉሡ ዘመዶች አንዷ የነበሩ ወይዘሮ ናቸው። እትዬ በልጅነታቸው የእሜቴ ደንገጡር ነበሩ፤ ያለብሷቸዋል፣ ፀጉራቸውን ያበጥራሉ፣ ይላካሉ።

የእኔ ሥራ መተርጎም ነበር። ከትምህርት ስመለስ በየአገሩ ስላሉት ነገሥታት የተጻፈውን ከስልኬ አነብላቸዋለሁ። አንዱ ንጉሥ ስሙ ሲጠፋ ዘውዱን ለልጁ ትቶ ተሰደደ፤ አንዷ ልዕልት ባሏን ፈታች፤ አንዱ ታናሽ ወንድም ታላቁን በአደባባይ ከሰሰ። እትዬ ለሁሉም ፍርድ አላቸው። የተሰደደውን ንጉሥ ይቅር ብለውታል። ባሏን የፈታችውንም «አፏን ዘግታ ስለፈታች ጨዋ ናት» አሏት።

«ንጉሡ ያጠፋው ጥፋትስ እትዬ?»

«ማን የማያጠፋ አለ? አንቺም ታጠፊያለሽ። እኔ የምጠይቀው ማን ተናገረ ብዬ ነው።»

መጀመሪያ ላይ «ልክ ነዎት» እል ነበር፤ እንዲወዱኝ እፈልግ ነበር። እየቆየ ግን የራሴ አስተያየት ኖረኝ። በእኔ እይታ በቤተ መንግሥት ውስጥ ታማኝነት ወደ ላይ ብቻ ነው የሚሄደው። አልባሹ፣ ሾፌሩ፣ ወጥ ቤቱ ዝም ይላሉ፤ ጌቶቹ ሲጣሉ ግን የመጀመሪያዎቹ ተናጋሪዎች ራሳቸው ጌቶቹ ናቸው። አንድ ቀን ደፍሬ ይህንኑ አልኳቸው።

«አንቺ ገና የመጀመሪያ ዓመት ነሽ» አሉኝ።

«ስመረቅ ይገባኛል ማለት ነው?»

«ስትላኪ ነው የሚገባሽ።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ ለመጠየቅ ድፍረት ያገኘሁት ሌላ ነገር ስላስጨነቀኝ ነው። ቀኑ ማዘንበል ሲጀምር እትዬ የእንጨቱን ደረጃ ይዘው ወደ ላይ ይወጣሉ። ላይ ያለው የእሜቴ መኝታ ክፍል ነው። ወለሉ ሳንቃ ስለሆነ እያንዳንዱ እርምጃቸው ከራሴ በላይ ይሰማኛል። አልጋው አጠገብ ሲደርሱ ይቆማሉ። ከዚያ ድምፃቸው ይመጣል፤ የእሳቸው ድምፅ አይመስልም፣ የልጃገረድ ድምፅ ነው።

«እሜቴ፣ ተመልሻለሁ።»

ጸጥ ይላል። ሰው መልስ ለመስማት የሚጠብቀውን ያህል ጸጥ ይላል። ቀጥሎ «እሺ» ይሉና ይወርዳሉ። ከማን ጋር እንደሚያወሩ መጠየቅ ነውር መስሎኝ ዝም አልኩ። አንድ አመሻሽ ግን «እሺ» ብለው ደረጃው ላይ ደርሰው እያለ፣ ከበላዬ፣ በአልጋው በኩል፣ ሳንቃው ሲጥ ሲል ሰማሁ። አሮጌ እንጨት ሲበርደው ድምፅ ያሰማል። ለራሴ እንደዚያ ብዬ አስረዳሁ። ከዚያ ወዲህ ግን አመሻሽ ላይ መብራቱን ቀድሜ አበራለሁ።

ስጠይቃቸው አልደበቁኝም።

«እሜቴን የወሰዷቸው ቀን እኔ ቤት አልነበርኩም» አሉ። «ራሳቸውን ስላመማቸው ወደ ቸርችል ጎዳና መድኃኒት ላኩኝ። ‹ሂጂና ተመለሽ› አሉኝ። ስመለስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ሰው የለም። ወታደሮች ወስደዋቸዋል። እዚያው እንደታሰሩ ሞቱ።»

«መድኃኒቱስ?»

«ላይ ነው።»

በጊዜያቸው ደንብ፣ የተላከች ደንገጡር ስትመለስ መመለሷን ትናገራለች፤ ያመጣችውን ታስረክባለች፤ «ሂጂ፣ አሰናብቼሻለሁ» እስክትባልም ቆማ ትጠብቃለች። ሳትሰናበት ፊቷን ብታዞር ከድታለች ማለት ነው። እትዬ አላስረከቡም፣ አልተሰናበቱምም። በዚህ ምክንያት ባል አላገቡም፣ ከዚህ ቤትም አልወጡም።

«አመሻሽ ላይ ታዲያ ምን ይሉዎታል?» አልኳቸው።

«ቆዪ ይሉኛል» አሉ፤ ውጭ ዝናብ መኖር አለመኖሩን እንደሚናገር ሰው።

በዚያ ዓመት ሰፈሩ ሊፈርስ ነው ተባለ። ለእትዬ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ተሰጣቸው፤ ምድር ቤት፣ ለጉልበታቸው የሚመች። ጎረቤቶቻችን ዕቃቸውን እየጫኑ ሄዱ። ከትምህርት ስመለስ ትናንት የነበረ ጣራ ዛሬ የለም። በቆሙት ግድግዳዎች ላይ ፎቶ ተሰቅሎበት የነበረው ቦታ ብቻ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ውሾቹ በር በሌለው በር ፊት ተኝተው ባለቤታቸውን ይጠብቃሉ። የሚበራ መስኮት የቀረው የእኛና ፊት ለፊት ያለው የወሎዬው ልብስ ሰፊ ብቻ ሆነ።

«እትዬ፣ ወላሂ ንጉሡ ራሳቸው ቢኖሩ ይኼኔ ኮንዶሚኒየማቸውን ተረክበው ነበር» ይላቸዋል፣ በመስኮት።

«አንተ ዝም ብለህ ዚፕህን ስፋ።»

«ዚፑማ ተሰፋ፤ ለባሹ ነው የጠፋው።»

ቀልዱ ግን እያደር ቀነሰ። የመጨረሻው ሳምንት ላይ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ «ሰኞ አፍራሹ ማሽን ይገባል» አለኝ። «የሚነዳው ልጅ ደንገጡር ምን እንደሆነ አያውቅም። ተሸክመው ቢያወጧቸው፣ እኚህ ሴትዮ በሰው እጅ ላይ ይሞታሉ።» ይህን እኔም ፈርቼ ነበር። እናቴ በስልክ አልቅሳ ለመነቻቸው፤ ከወረዳ የመጣው ሰውዬ ቁጭ ብሎ በትሕትና ለመናቸው። ለሁሉም መልሳቸው አንድ ነው፦ «ሳልሰናበት አልወጣም።»

ልብስ ሰፊው አንገቱን ነቀነቀና «የእሜቴን ወንድም ልጅ ቪዲዮ አይተሽዋል?» አለኝ። «ስለዚያ ቀን የሆነ ነገር ይላል።»

የእሜቴ የወንድም ልጅ በዚያን ጊዜ በዚሁ ቤት የሚያድግ ሕፃን ነበር። አሁን ሸምግሏል። በአንድ የኢንተርኔት ቻናል ቀርቦ የቤቱን ጉዳይ ሁሉ ዘርግፎታል፤ እሜቴ ከባላቸው ጋር መጣላታቸውን፣ ሌላ ሰው መውደዳቸውን፣ ከዘመድ ማን ማንን እንደጠቆመ። እትዬ አዝለው ያሳደጉት ልጅ ነው። ተናገረ የተባለ ቀን ስሙን በቤታችን ማንሣት ከለከሉ። ቪዲዮውን ያየ ሰው ሲመጣም ሻይ አያቀርቡለትም።

ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የጆሮ ማዳመጫ አድርጌ አየሁት። ወደ መጨረሻው ላይ ስለዚያ ቀን አነሣ። ሊወስዷቸው ሲመጡ አክስቱ ደረጃው ሥር ቆመው ቤተኛውን አንድ በአንድ አሰናበቱ። በመጨረሻም ዘበኛውን «አንዲት ልጅ ልኬአለሁ፤ ስትመለስ አሰናብቼሻለሁ፣ ወደ እናትሽ ሂጂ በላት። እዚህ እንዳትቆይ» አሉት። ተናጋሪው በዚህ አልቆመም፤ ወደ ሌላ ወሬ አለፈ። ዘበኛው ያኔውኑ ሸሽቶ መሆን አለበት፤ ለልጅቷ የነገራት የለም።

መልሼ መልሼ ሰማሁት። እትዬን ነጻ የሚያወጣው ቃል ያለው እሳቸው በከዳተኛነት በፈረዱበት ሰው አፍ ውስጥ ነው። ከየት እንዳመጣሁት ሳልናገር ብነግራቸው ይሻል ይሆን ብዬም አሰብኩ። ግን ይጠይቁኛል፤ እኔም መዋሸት አልችልበትም፤ በዚያ ላይ በክፍል ውስጥ ምንጭ ሳትጠቅሱ አትጻፉ እየተባልን የምንገሠጽበት ሰሞን ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ቴሌቪዥኑ እንደበራ፣ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«እትዬ፣ እሜቴ አሰናብተውዎታል።»

ሪሞቱን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «ማን አለ?»

ነገርኳቸው። ቃሉንም ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳቸው። ቻናል እንደሚቀይሩት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ከዚያ በሹክሹክታ፣

«ስለ ጫማቸው ተናግሯል?» አሉኝ።

«አዎ። በነጠላ ጫማ ነው የወሰዷቸው፣ ጎረቤት እያየ፣ ብሏል።»

መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «እሱንም ተናገረው! ስመለስ የአደባባይ ጫማቸው አልጋው ሥር እንደተቀመጠ ነበር። እኔ ይህን ለእናትሽ እንኳ አልነገርኩም።»

ተቆጥተው ነበር፤ ግን ልጁ እውነቱን እንደተናገረም አውቀዋል። ሁለቱም በአንድ ፊት ላይ ይታዩ ነበር። እኔም ስለ ታማኝነት አውቃለሁ ያልኩት ሁሉ ተቀላቀለብኝ። መልእክቱን ያደረሰው ገበና ያወጣው ሰው ነው። እሳቸው በዝምታቸው የጠበቁት ገበና ደግሞ ያንን ሰው እንዳይሰሙት አድርጓቸው ኖሯል።

«አሰናብተውኛል» አሉ፤ ቃሉን አፋቸው ውስጥ እንደሚቀምሱት።

ደስ ይላቸዋል ብዬ ጠበቅሁ። ፊታቸው ግን ቀስ እያለ አመድ መሰለ። ወደ ጣራው ቀና አሉ።

«ያኑ ዕለት አሰናብተውኛል ካልሽ...» አሉ። «ቆዪ እያለ ሲያቆየኝ የኖረው ማነው?»

ውጭ ገና ብርሃን ነበር። ከላይ ምንም አልተሰማም። ሁለታችንም ግን እያዳመጥን ነበር፤ ሁለታችንም እያዳመጥን መሆናችንን ደግሞ አውቀናል። ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት፤ ጸጥታው ሲብስ ወዲያው መልሼ አበራሁት።

እትዬ ተነሡ። ነጠላቸውን አጣፉ። «መኪና ጥሪ» አሉኝ።

ልብስ ሰፊው የዘመዱን ፒካፕ ይዞ መጣ። ሳቅ እያለ ነበር የገባው፤ ፊታቸውን ሲያይ «ቢስሚላህ» ብሎ ወደ ዕቃው ሄደ። ፍራሹን፣ ድስቶቹን፣ ልብሳቸውን፣ ቴሌቪዥኑን ጫንን።

«ላይ ያለውንስ እትዬ?» አላቸው።

«ላይ ያለው የእኔ አይደለም።»

ከጋቢናው ገብተው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር፤ በየቀኑ ደረጃውን የሚወጡበት ሰዓት ነው። ነጠላቸውን ጨብጠው ያዙ እንጂ ወደ ቤቱ አልዞሩም።

እኔ በሩን ልዘጋ ስመለስ የወረዳው ሰውዬ በመንገዱ መጣ። ነገ ጠዋት ሥራ ስለሚጀመር ቤቶቹን እየዞረ ያያል። እትዬን መኪና ውስጥ ሲያያቸው ደስ አለው።

«ጎሽ፣ ጎሽ» አለኝ። «እንግዲህ ውስጥ የቀረ ሰው የለም አይደል?»

ቀላል ጥያቄ ነበር። እኔ ግን የማላውቀውን ነገር አውቃለሁ ማለት አልወድም። የላይኛው መስኮት አልተዘጋም ነበር፤ ልዘጋው ደረጃውን መውጣት አልቻልኩም። «አንዴ ይቆዩኝ» ብዬው ወደ መኪናው ሄድኩ።

«እትዬ፣ ውስጥ የቀረ ሰው አለ ወይ ይላል። ምን ልበለው?»

ፊት ለፊታቸውን እንዳዩ ትንሽ አሰቡ።

«እኔ ወጥቻለሁ በይው» አሉኝ።