ሁለት ስፒከርና አንድ ካሴት

ሆሳዕና ውስጥ ጉረኛ ሁሉ ቢጠፋ ኤሊያስ አይጠፋም። የትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነው፤ ደመወዙ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል፣ ጉራው ግን ከወር እስከ ወር ያደርሰዋል። ይህን ማለት እሱን ለማሳጣት አይደለም። ሌላው ጉረኛ ተናግሮ ይቀራል፣ ኤሊያስ ግን ተናግሮ ይሠራል። በ1976 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ለሚስቱ ለጣቢታ የተናገረው ግን ከወትሮውም የገዘፈ ነበር።

«አስናቀችን እዚህ ሳሎን አምጥቼ አቆምልሻለሁ!» አላት።

አስናቀች የጣቢታ ታላቅ እህት ነበረች፤ ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ሁለቱም የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ነበሩ። አስናቀች ታወጣለች፣ ጣቢታ ከሌሎቹ ጋር ትቀበላለች። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ስቱዲዮ ገብተው ካሴት ቀድተዋል። ኋላ ቤተ ክርስቲያኗ በመንግሥት ትእዛዝ ታሸገች፣ መዝሙሩም ተከለከለ። አስናቀች በወሊድ ስትሞት እንኳ ደፍሮ የዘመረላት አልነበረም። ከዚያ ቀን ወዲህ ጣቢታ ዜማ የሚባል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

የቀረቻት ያቺ ካሴት ናት። እሷንም በመሀረብ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ቆልፋባታለች፤ ምክንያቱም የቤታቸው አሮጌ ቴፕ ካሴት ይበላል። የጎረቤት ካሴት ክሩን ጎልጉሎ ሲያወጣው በዓይኗ አይታለች። ታዲያ አንድ ቀን ለኤሊያስ፣ «መልኳ ይመጣልኛል፣ ድምጿ ግን እየጠፋብኝ ነው» አለችው። ይህን ሰምቶ ነው እንግዲህ የፎከረው።

በዚያ ዘመን ደህና ስቴሪዮ የነጋዴ ዕቃ ነው። ኤሊያስ ምን አለው? ምንም። ነገር ግን ችግር በቅቤ ያስበላል። ጋራዥ ውስጥ ከተጣለ የተገለበጠ ላንድሮቨር ላይ የመኪና ቴፕ አስነቀለ፤ ቴፑ ካሴት የማይበላ፣ ጤነኛ ነበር። ከሁለቱ ስፒከሮች አንዱ ተጨፍልቋል፣ አንዱ ተርፏል። ለተጨፈለቀው ምትክ ፍለጋ ሺንሺቾ ወርዶ፣ ለአንድ የአውቶቡስ መካኒክ የእጅ ሰዓቱን አውልቆ ሰጥቶ፣ ስፒከር ይዞ ተመለሰ። ቴፑን የሚያስነሣለት የመኪና ባትሪ ከዚያው ጋራዥ ተዋሰ። ሳጥኖቹን ትምህርት ቤቱ በጨረታ ከሸጠው የተሰባበረ ዴስክ ጣውላ ራሱ መታቸው። ተማሪዎቹ በምላጭ የጻፉት ስም እስከነ ፍቅራቸው ጎኑ ላይ ይነበባል።

ከዚያ ዳምቦያ ገበያ ወርዶ አንድ ሸክም ቃጫ ገዛ። «ኤሊያስ ስፒከሩን በገመድ ጠፍሮ ሊያዘፍነው ነው!» ብሎ ከተማው ሳቀበት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሱ አልሰማም። ቢሰማም ደንታ የለው። ባዶ ሳጥን እንደ ቅል ያስተጋባል፤ ቃጫ ሲጠቀጠቅበት ግን ያ ሁሉ ጩኸት እዚያው ይዋጣል። ይህን ከማንም አልተማረውም፣ ሞክሮ ሞክሮ ያገኘው ነው።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ምርቃቱ ሆነ። ጎረቤታቸው ጋሽ ወልደ ሰንበት፣ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ የራሳቸውን የዘፈን ካሴት ይዘው መጡ። ኤሊያስ ከተተና ከፈተው። ሽማግሌው ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ኧረ የአምላክ ያለህ! አንተ ልጅ፣ ይህ ከእኛ ጣውላ ነው የወጣው?»

«ገና ምኑን አዩት ጋሼ!» ኤሊያስ ደረቱ ተነፋ። «በይ ጣቢታዬ፣ ካሴቷን አምጪያት።»

ጣቢታ ወይ ፍንክች! ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች።

«ዘፋኙ የት ነው የቆመው?» አለች።

«ካሴት ውስጥ ነዋ! የት ይቁም ታዲያ?»

«እኔ ስዘምር ዓይኔን ጨፍኜ ማን የት እንደቆመ አውቅ ነበር። ይሄ ሰውዬ ግን የትም አልቆመም። እዚህ ሲሉት እዚያ ነው። እህቴን እንደዚህ ልታባዝናት ነው? አልሰጥህም።»

ኤሊያስ በጣም ተናደደ። ከተማው ሲስቅበት ያልተሰማው ሰው በሚስቱ ቃል ጆሮው ድረስ ቀላ። ሰዓቱን የሰጠው፣ ቃጫ የተሸከመው ለማን ሆነና! «ቆይ፣ አሳይሻለሁ» ብሎ አንድ የባትሪ ድንጋይ አነሣ። ከስፒከሩ ሽቦዎች አንዱ ጫፍ ላይ ቀይ ነጥብ ተቀብቷል፤ ቀዩ ፖዘቲቭ ነው ማለት ነው። ድንጋዩን ሲያስነካው የላንድሮቨሩ ስፒከር ሆዱን ወደ ውጭ ገፋ።

«አየሽ? ይሠራል።»

የሺንሺቾውንም በቀዩ ነጥብ እንዲሁ አስነካው። ሆዱን ወደ ውስጥ ሳበ። ደግሞ ሞከረ። ሳበ።

አንዱ ሲገፋ ሌላው እየሳበ፣ ሁለቱ ሳጥኖች ሲጓተቱ ነው ለካ የዋሉት። ቀዩን ነጥብ በተሳሳተው ጫፍ ላይ ማን እንደቀባው እንጃ። በዚያ ዘመን ቀይን የሚጠራጠር ማን ነበር!

የሺንሺቾውን ሁለት ሽቦዎች አቀያየራቸው፣ ሌላ ምንም አልነካም። የጋሽ ወልደ ሰንበትን ካሴት መልሶ ሲያስነሣው ዘፋኙ ከሁለቱ ሳጥኖች መሃል፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ፊት፣ መጥቶ ቀጥ አለ። ጣቢታ ቁልፏን ከአንገቷ አውልቃ ወደ ጓዳ ገባች።

መሀረቡን ፈትታ ካሴቷን ሰጠችው። ኤሊያስ መስኮቱን አየ።

«ልዝጋው? የቀበሌ ሰው ቢያልፍስ?»

«ተወው፣ ይሰማ! እህቴን ያለ መዝሙር ነው የቀበርኳት።»

ጋሽ ወልደ ሰንበት ወንበራቸውን አንሥተው ወደ ደጅ አመሩ። «እኔ በሩ ላይ ነኝ። የመጣ ካለ በጨዋታ እይዘዋለሁ» አሉ። ጨዋታቸው በአንድ ሰዓት እንደማያልቅ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ካሴቷ ተነሣች። ትንሽ ካሻከረች በኋላ አስናቀች መሃል ላይ ቆመች። ትንፋሽ ስትወስድ ይሰማል። ኤሊያስ በኩራት የሚለውን ቀድሞ አሰናድቶ ነበር፤ ያን ትንፋሽ ሲሰማ ግን እንባው ቀደመው።

ጣቢታ ተነሥታ ከግራው ሳጥን አጠገብ ሄደች። መዘምራኑ ሲሰለፉ ቦታዋ ከእህቷ በስተግራ ነበር። አስናቀች አውጥታ ስትጨርስ ጣቢታ ተቀበለቻት።