ከሰገነቱ የጠፋችው ርግብ

እናቴ ርግብ አንድዳለች ተብላ ስሟ ጎድፎ ኖረ፤ ስሟ እንደ ጎደፈም ሞተች። ይህ በደል ነው፤ ተጽፎ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ።

ንፋስ መውጫ ላይ ያደግሁበት ፎቅ ቤት ዛሬም አለ። ታቹ ድንጋይ፣ ላዩ እንጨት ነው። የጣራው ጠርዝ እንደ ዳንቴል በተቆረጠ ቆርቆሮ ተከቧል፤ ነፋስ ሲነካው ይንሿሿል። በሰገነቱ አጥር ላይ ከወይራ የተቀረጹ ርግቦች በረድፍ ተቀምጠዋል። ባለቤቶቹ ላይ፣ እኛ ተከራዮች ታች ነበር የምንኖረው። ትልልቆቹ "ርግቦቹ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ሄደው ኪዳን ሰምተው ይመለሳሉ" ይሉን ስለነበር፣ ጠዋት ስነሣ እግራቸው ላይ ጭቃ እፈልግ ነበር።

አንድ ክረምት አንዷ ጠፋች። ያን ጊዜ "ኪዳን ልትሰማ ሄዳ እዚያው ቀረች" ያለ ሰው የለም። ጣት ሁሉ ወደ እኛ በር ተቀሰረ። አባወራው ከሰገነቱ ሆነው "ቤቴን እያፈረሰ የሚሞቅ ተከራይ አላሳድርም!" ብለው ጮኹ። እናቴ አራስ ነበረች፤ ሚስታቸው ለምነው አስቀሩን። የሰፈር ልጆች ግን "ርግቧ ሞቀቻችሁ ወይ?" እያሉ ይከተሉኝ ነበር። እኔ በድንጋይ እመልስላቸዋለሁ፤ እናቴ "ተዪ፣ ሲደክማቸው ይተዋሉ" ትለኛለች። አልደከማቸውም።

ዘንድሮ በዚያ በኩል ሳልፍ አንድ ወጣት ፎቁን በስልኩ እየቀረጸ "የጎደለችውን አንዲት ተከራይ አንድዳት ነው" ሲል ሰማሁት።

"አይተሃል?" አልሁት።

"ሁሉም የሚያውቀው ነው እኮ፣ እማማ።"

"የሴትየዋ ልጅ ሆኜ እኔ ሳላውቀው?"

ስልኩን አወረደ። እኔም ጉልበቴን እየረገምሁ ደረጃውን ወጣሁ። ባለቤትዮዋ አርጅተው አልጋ ይዘዋል፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነው።

"እትዬ፣ ያን ጊዜ እርስዎ እዚህ ነበሩ። እናቴ ናት ያነደደቻት?"

"ለሞተ ሰው ምን ይጠቅመዋል ብለሽ ነው፣ ልጄ?"

"እኔ አልሞትሁም።"

ሳቁ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"እኔ ነኝ" አሉኝ። "ወንድምሽ የተወለደ ለት ዝናቡ አላባራ አለ። እንጨቱ ሁሉ ርሶ ለአራሷ ገንፎ የማበስልበት አጣሁ። ባሌን ፈርቼ ዝም አልሁ። እናትሽ ከአልጋዋ ሆና ስማግዳት አይታኛለች፤ አንድ ቀን እንኳ ስሜን አላነሣችም።"