ጳጉሜን የማያውቀው ስክሪፕት

መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት በነበረኝ ጊዜ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ደብር አንድ የድጓ መምህር ይመጡ ነበር። ድጓን ቤተ ልሔም ተምረው የተመረቁ ናቸው። ጉሮሯቸውን ታመሙና ባሕር ዳር ሄደው ቀዶ ሕክምና እንዲያደርጉ ተነገራቸው። ሐኪሙ ከዚያ በኋላ ድምፃቸው ላይመለስ እንደሚችል አልደበቃቸውም። ስለዚህ ሳይሄዱ ዜማቸውን ለተማሪዎቻቸው ቀድተው ማስቀመጥ ፈለጉ።

ከሐምሌ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በስልካቸው ቀዱ። የስልኩ ሚሞሪ ካርድ ትንሽ ስለነበር በየቅዳሜው ገበያ ያመጡልኛል፤ እኔም ድምፁን ኢንተርኔት ላይ ወዳለ ማከማቻ፣ ክላውድ ወደሚባለው፣ ጭኜ ካርዱን ባዶ አድርጌ እመልሳለሁ። ኔትወርኩ ስለሚቆራረጥ ፋይሉን በማውስ እየጎተቱ መጫን አያዋጣም። ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት የሚሠራ፣ ስክሪፕት የሚባል አጭር ፕሮግራም ከኢንተርኔት አግኝቼ ለእኛ እንዲሆን አስተካከልኩት። የፋይሉን ስም ያነባል፣ በወሩ ፎልደር ከፍቶ ይጭናል፣ መስመር ሲቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል፣ በመጨረሻ ካርዱን ያጸዳል። ስሙን የምሰጠው በእኛው አቆጣጠር ነበር፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን።

መስከረም ላይ፣ የኔታ ሊሄዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ የተጫነውን ከመጀመሪያው ጀምሬ አጣራሁ። አሥራ አንደኛው ወር አለ። አሥራ ሁለተኛው አለ። አሥራ ሦስተኛው የለም። ስክሪፕቱ ከአሥራ ሁለት የበለጠ ወር ሲያይ «የተሳሳተ ቀን» እያለ ዘሎታል፤ ከዚያም እንደ ልማዱ ካርዱን አጽድቷል። ካርዱ ላይም ሌላ ተቀድቶበታል። በጳጉሜን የቀዱት የዘመን መለወጫውን ዜማ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሊሰናበቱኝ ሲመጡ ነገርኳቸው።

«የየት አገር ሰው ነው የሠራው?» አሉ።

«ፈረንጅ ነው፣ የኔታ።»

«እሱማ ምን ያድርግ፣ ጳጉሜን የለው። አንተ ግን ጳጉሜን ስትጾም አይቼሃለሁ።» ሳቁ። ሳቁ ሳል አስከተለ።

«እንደገና እንዳንቀዳው፣ ሐኪሙ አይጩኹ ብሎዎታል።»

«መች እጮኻለሁ? ድጓ ነው የምለው። ይልቅ ያን የሚያጓራ ማሽን አጥፋልኝ።»

ፎቶ ኮፒውን አጠፋሁና ስልካቸውን ከፊታቸው አስቀመጥኩ። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ጀመሩ። መሀል ላይ አንዲት ሴት መታወቂያ ኮፒ ልታስደርግ ገብታ «ክፍት ነው?» አለች። በእጃቸው ተቀመጪ አሏት እንጂ ዜማውን አላቋረጡም። ሁለት ቦታ ድምፃቸው ተሰበረ፤ ሁለቱንም መልሰው አነሱት።

ስክሪፕቱ ውስጥ አሥራ ሁለት የሚለውን አሥራ ሦስት አደረግሁ፤ ካርዱን የሚያጸዳውንም መስመር አወጣሁት። የተቀዳው በመስከረም ስለሆነ ፋይሉን በመስከረም ልሰይመው ስል የኔታ ከለከሉኝ።

«የጳጉሜኑ ምትክ ነው። ጳጉሜን በለው።»

ኔትወርኩ እየሄደ እየመጣ ብዙ አቆየን። እሳቸው ግን ካልደረሰ አልሄድም ብለው ተቀመጡ። ጭኖ ሲጨርስ ከክላውዱ መልሼ አውርጄ አሰማኋቸው። እስከ መጨረሻው ሰምተው ተነሡ።

በጥቅምት ሲመለሱ ድምፃቸው ሹክሹክታ ሆኖ ቀርቶ ነበር። ተማሪዎቻቸው ከዚያ ወዲህ ዜማውን የሚቀበሉት ከስልክ ነው። የኔታ አጠገባቸው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ሲሳሳት እጃቸውን ያነሣሉ፤ ስልኩ ላይ ዜማው ወደ ኋላ ይመለሳል።