አባቴ አሶሳን ያጨለመበት ምሽት

አባቴ ሠላሳ አራት ዓመት የመብራት ምሰሶ ላይ ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላም ቢሆን ቴስተሩን ከኮቱ የደረት ኪስ አውጥቶ አያውቅም። እኩዮቹ እስክሪቢቶ በሚሰኩበት ቦታ እሱ ቴስተር ይሰካል፤ ሠርግም ለቅሶም ይዞት ይሄዳል። የሰው ቤት ሲገባ መጀመሪያ ጣሪያውን ያያል፣ ቀጥሎ ማብሪያ ማጥፊያውን፣ ባለቤቱን የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ሆኜ አሶሳ ስመደብ ደስ አላለውም። በስልክ በተገናኘን ቁጥር፣ ለመሆኑ እዚያ አገር መብራት አለ ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። አለ እለዋለሁ። ሁልጊዜ? ይለኛል። እዚህ ላይ ወሬ እቀይራለሁ።

በአራተኛው ዓመት ገናን ከአንቺ ጋር ነው የማሳልፈው ብሎ ሲነሳ፣ ምን እንደማሳየው አስቀድሜ ወስኜ ነበር። በዚያው ዓመት የከተማው ዋና መንገድ ሰፍቶ፣ የእግረኛ መሄጃው አምሮ፣ ዳርና ዳሩ በመብራት ተንቆጥቁጦ ነበር። በዓሉ ሲቃረብ ደግሞ ሆቴሎቹና ሱቆቹ የየራሳቸውን ጨመሩበት። ሰው ገና ከሥራ ሳይመለስ «ማታ መብራት እንይ» ይባባል ነበር። ልጅህ የምትኖርበት ከተማ ይኸው፣ ልለው ነበር ያሰብኩት። በአንድ ምሽት አራት ዓመት ሙሉ የተከራከርነውን ልረታ።

አከራዬ ሐጂ አብረውን ሊወጡ ፈለጉ። ሐጂ የሆሞሻ ሰው ናቸው፤ ጨርቅ ይነግዳሉ። የአፍ መፍቻቸው በርታ ነው፣ አማርኛን የለመዱት ገበያ ላይ ነው። ጨርቅ ለመሸጥ ወንድና ሴት መለየት ብዙም ስለማያስፈልግ «እሱ»ንና «እሷ»ን እንደመጣላቸው ይናገራሉ። እኔን «አንተ» ይሉኛል። እኔም አልስቅባቸውም፤ በአራት ዓመት ውስጥ የእኔ በርታ ከሰላምታ አላለፈም፣ ያንኑ ሰላምታ ስናገር ደግሞ ሴት ልጆቻቸው ግድግዳ ተደግፈው ይስቃሉ።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ የተተኮሰ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው በራፋችን ላይ ቆሙ።

«አባትህ ተዘጋጀች?» አሉኝ።

ከጓዳ እየወጣ የነበረው አባቴ ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንዳለ አየ።

ምሽቱ ለመንገድ የተሠራ ነበር። የቀኑ ሙቀት በርዶ ነፋሱ ቀለል ብሏል። ሴቶች በቶብ ተጠቅልለው፣ ተማሪዎች በቡድን፣ ከሥራ የወጡ ሠራተኞች ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ይንሸራሸራሉ። ባጃጆቹ እንኳን ቀስ ብለው ነበር የሚነዱት። ከመንገዱ ግራና ቀኝ በትናንሽ አምፖሎች የተሠሩ ኮከቦች ተሰቅለዋል፤ ቀይ ይሆናሉ፣ ሰማያዊ ይሆናሉ፣ ከዚያ አንዱ አንዱን እንደሚያባርር ሁሉ ይሮጣሉ።

«ማሻአላህ» አሉ ሐጂ።

ወደ አባቴ ዞርኩ። እሱ የሚያየው ኮከቦቹን ሳይሆን የተንጠለጠሉበትን ምሰሶ ነበር።

«ይቺን መገጣጠሚያ ምን እንደጠቀለሏት አየሽ?» አለኝ። «ፌስታል። ናስትሮ ጠፍቶ ነው?»

መብራቱን እንዲያይልኝ ለመንኩት። እያየሁ ነው አለኝ። እውነትም እያየ ነበር፤ ከጀርባው።

ትንሽ ወረድ ስንል ከአንድ ትልቅ ማንጎ ዛፍ አጠገብ የፕላስቲክ ዘንባባ ተተክሎ፣ ከግንዱ እስከ ቅጠሉ አረንጓዴ ያበራል። ሐጂ ሁለቱን ዛፎች እያፈራረቁ ካዩ በኋላ፣ እውነተኛው ዛፍ እዚህ ቆሞ ሳለ ስለምን መብራቱን እሱ ላይ አላሰሩትም ሲሉ ጠየቁ። አባቴ ጥያቄው የኤሌክትሪክ መስሎት እርጥብ እንጨት ላይ ሽቦ ማሰር ስለሚያመጣው አደጋ ረዘም ያለ ማብራሪያ ሰጠ። ሐጂ አንድ ቃል ሳያቋርጡ አዳመጡት። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ጎን ለጎን፣ እኔ ከኋላ ሆነን ሄድን።

የከተማው ሰው ሁሉ የሚያወራለት መብራት ግን አንድ ሆቴል ፊት ለፊት የቆመው ነበር። በሩ ላይ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል ትልቅ የመብራት ጽሑፍ ቆሟል። ከሥሩ ሣሩ ላይ በነጭ አምፖሎች የተሠራ አንድ እንስሳ አለ፤ የጥጃ ቁመት ያለው፣ ቀንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተንዠረገገ። ሰው ከቦት ይከራከራል።

ሐጂ ጠጋ ብለው ካዩት በኋላ አህያ ነው፣ ከላዩ ላይ እንጨት ጭነውበታል አሉ። አንድ ወጣት አጋዘን ነው ብሎ ተቃወመ። ሌላው የአጋዘን ቀንድ ጠምዛዛ ነው እንጂ እንዲህ አይበታተንም አለ። የሆቴሉ ጥበቃ፣ እንስሳው በእሱ ኃላፊነት ሥር ስለሆነ ይመስለኛል፣ የፈረንጅ ፍየል መሆኑን በእርግጠኝነት ተናገረ። ይህን ጊዜ ከመካከላቸው አንዷ ተማሪዬ አየችኝ።

«ቲቸር አለች። ባዮሎጂ ናት። እሷ ትንገረን» አለች።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እንስሳውን አውቀዋለሁ፤ በመጽሐፍ ላይ አይቼዋለሁ። በአማርኛ ምን እንደሚባል ግን አላውቅም። ጉሮሮዬን ጠርጌ የበረዶ አገር አጋዘን ነው አልኩ። በረዶ ላይ የሚኖር፣ ጋሪ የሚጎትት።

ሐጂ በሐዘን አዩት። «ታዲያ እዚህ ሙቀት ውስጥ ምን አመጣው ምስኪኑን?» አሉ።

ለዚህ መልስ ስፈልግ ነው አባቴ አጠገቤ እንደሌለ ያስተዋልኩት።

በኋላ እንደሰማሁት፣ እኛ ስለ ቀንድ ስንከራከር እሱ «አደረሳችሁ» ከሚለው ላይ «አ» ብልጭ ድርግም ስትል አይቷል። አባቴ ብልጭ ድርግም የምትል አምፖል አይቶ ማለፍ አይችልም። ጥበቃውን «ማጥፊያው የት ነው?» ብሎ ጠየቀው። በዚያ ድምፅ ሠላሳ አራት ዓመት ስንት ሰው አዝዞበታል። ጥበቃው ከማዘጋጃ ቤት የተላከ መስሎት ሮጦ አሳየው። አባቴ የጽሑፉን መብራት አጠፋ፣ ከጀርባው ተንበረከከ፣ ከኮቱ ኪስ ፒንሳ አወጣ። ፒንሳም እንደሚይዝ እስከዚያ ምሽት አላውቅም ነበር።

ከዚያ ፒንሳው ሽቦውን ሲነካ መላው አሶሳ ጠፋ።

አጋዘኑ ጠፋ። ሆቴሉ፣ ኮከቦቹ፣ ዘንባባው፣ መንገዱ በሙሉ ጠፋ። መብራት መሄዱ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ይሄዳል፣ ይመጣል። ግን እንዲህ በደመቀበት፣ ያውም አንድ ሰው ሽቦ በያዘበት ደቂቃ ሲሄድ ሌላ ነገር ነው። ከጨለማው ውስጥ አንዱ ግድቡ እዚሁ ክልላችን እያለ ሲል ሌላው ቅርብ ስለሆንን ነው፣ መብራቱ በላያችን ዘሎ ነው የሚያልፈው ብሎ መለሰለት። ሰው ሳቀ።

«ማነው የነካው ግን?» አለ አንድ ወፍራም ድምፅ።

ሐጂ ለአባቴ ጥብቅና ለመቆም ፈጠኑ። «እሷ ናት» አሉ። «እሷ ለክፉ አልነካችም። እሷ ይህን ሥራ በደንብ ታውቃለች።»

አሥር የሚሆን የስልክ መብራት ፊቴ ላይ በራ። ሐጂ አጠገብ ያለሁት ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ቲቸር ናት ያጠፋችው?» አለች ተማሪዬ።

እዚህ ላይ ያደረግኩትን መናገር አለብኝ። «እኔ አይደለሁም፣ አባቴ ነው» አልኩ። ለማሰብ እንኳን አልቆየሁም። ወልዶ ያሳደገኝን ሰው ለሕዝብ አሳልፌ ሰጠሁት። ለነገሩ አልጠቀመኝም፤ ከበዓሉ በኋላ ክፍል ስገባ ከተማውን ያጠፋችው ባዮሎጂ እንደሆነች ሁሉም ሰምቶ ነበር።

መብራቶቹ ሁሉ ከእኔ ተነሥተው ወደ ጽሑፉ ዞሩ። አባቴ ጉልበቱ ላይ ሣር ተጣብቆ፣ ፒንሳውን እንደያዘ ብቅ አለ። በሕይወቱ አንድም ጥፋት የሌለበት ሰው ሆኖ እንደዚያ ጥፋተኛ ሲመስል አይቼው አላውቅም።

«የነካሁት ሽቦ አሥራ ሁለት ቮልት ነው» አለ በእርጋታ። «በአሥራ ሁለት ቮልት ከተማ አይጠፋም።»

«ግን ሲነኩት ጠፋ» አለው ባለ ወፍራሙ ድምፅ።

አባቴ ይህን አባባል ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ከየሰፈሩ ሲሰማው ኖሯል። ስለዚህ የሚያውቀውን አደረገ፤ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሐጂ ያን የተተኮሰ ጀለቢያቸውን ሰብስበው አጠገቡ አፈር ላይ ቁጢጥ አሉና በስልካቸው አበሩለት። ሃያ ደቂቃ ያህል ከጽሑፉ ጀርባ የሁለት ሽማግሌዎች ሹክሹክታ ብቻ ይሰማ ነበር። ማንም አልሄደም። ሰው ሁሉ ውጤቱን ለማየት ጠበቀ።

መብራቱ መጣ። ጭብጨባ ሆነ። አባቴ ማብሪያውን ሲጫን ጽሑፉ ቦግ አለ፤ ከ«አ» በስተቀር። ቀድሞ ብልጭ ድርግም ትል የነበረችው ፊደል አሁን ጭራሽ ሞታለች። በጨለማ ተሳስቶ ሌላ ሽቦ ቆርጧል። ጥበቃውም ከእንግዲህ ማንም ወደዚያ እንዳይጠጋ ብሎ መሀል ላይ ቆመ።

ሐጂ ፊደል የቆጠሩት በጎልማሳነታቸው ስለሆነ ቀስ እያሉ ነው የሚያነቡት። ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው አንድ በአንድ አነበቡ። «እንኳን፣ ደ፣ ረ፣ ሳ፣ ችሁ።» ከዚያ የአባቴን ትከሻ ያዙ። «ልክ ነው» አሉት። «አንቺ ከሩቅ ነው የመጣሽ። እንኳን ደረሳችሁ ብሏል።»

አባቴ ጽሑፉን አየ፣ ሐጂን አየ፣ ከዚያ ሳቀ። ከመጣ ጀምሮ ሲስቅ ያን ጊዜ ገና ማየቴ ነበር። ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ።

በነጋታው ሽቦውን ለመጠገን ሄደ። የሆቴሉ ባለቤት ግን ፊደሏ ትቅር አለው፤ ለሆቴል እንዲያውም ይሄኛው ይሻላል፣ ጠዋት የገቡት እንግዶች ፎቶ ተነሥተውበታል ብሎ። ይልቅስ ከጀርባ ያሉትን በፌስታል የታሰሩ መገጣጠሚያዎች እንዲያድስለት ጠየቀው። አባቴ ቀኑን ሙሉ መሰላል ላይ ዋለ። መሰላሉን የያዙት፣ ሱቃቸውን ዘግተው የመጡት ሐጂ ናቸው።

የገና ዕለት ምሽት ሦስታችን እንደገና ወጣን። ጥበቃው ከሩቅ ሲያየን ሁለት የፕላስቲክ ወንበር አውጥቶ በረንዳው ላይ አስቀመጠ፤ ከሆቴሉም ሁለት ብርጭቆ ቀይ የከርከዴ ሻይ መጣላቸው። አባቴ ተደግፎ፣ እግሩን አነባብሮ፣ የሚንሸራሸረውን ሰው ማየት ያዘ። አንዲት ሕፃን አጋዘኑን አፍንጫው ላይ ስማው ስትሮጥ ፈገግ አለ።

እንዴት ነው ታዲያ ከተማችን፣ አልኩት።

«ያምራል» አለ። ከርከዴውን ፉት ብሎም፣ «ሰዉም ጥሩ ነው» አለ።

ሌላ ነገር ይጨምራል ብዬ ጠበቅኩ። አልጨመረም፤ ሐጂ ስለ ሆሞሻ መንገድ አንድ ታሪክ ጀምረውለት ነበርና ጆሮውን ወደ እሳቸው አዙሯል። ለእኔ ወንበር አልነበረም። ትንሽ ቆሜ አየኋቸውና፣ ሁለቱን እዚያው ትቼ በመብራቶቹ መሀል ብቻዬን ወደ ቤቴ ሄድኩ።