ባዩሽ ደብቃው የኖረችው ሰፈር

ባዩሽ ሽሮ ሜዳ፣ ከአስፋልቱ ገባ ባለ ግቢ ውስጥ ጥጥ እየፈተለች ለሸማኔዎች ትሸጣለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ዘመዶቿ የግቢው ተከራዮች ናቸው፤ ከሁሉም በላይ ጎረቤቷ ኢየሩ። የኢየሩን ልጆች አዝላ አሳድጋለች፤ አሁን ደግሞ የልጅ ልጇን ትይዝላታለች። አገሯን ለሚጠይቃት «ከወደ ሰላሌ ነኝ» ብላ ታልፋለች።

እውነቱን ለመናገር የተወለደችው እዚያው ጉለሌ፣ ቀጨኔ፣ ከሸክላ ሠሪ ቤተሰብ ነው። የጎረቤት ሕፃን በታመመ ቁጥር ሰው እናቷን «ቡዳ» እያለ ሲሸሻት እያየች አደገች። ስታገባ ከሰፈሩ ወጣች፤ የቡዳነቱንም ስም እዚያው ትታው የመጣች መሰላት።

የሱዳን ጦርነት ያፈናቀላቸው ሙዓዊያና ሚስቱ ሪሐና ከካርቱም መጥተው የግቢውን የጥግ ክፍል ተከራዩ። ሪሐና ዓይነ አፋር ናት። ሙዓዊያ ግን ሬዲዮ ያስጮኻል፤ ሲቆጡት ይቀንስና በማግስቱ ይረሳዋል።

አንድ ቀን ኢየሩ ያሰጣችው ጋቢ ከገመዱ ላይ ጠፋ። ማን እንደወሰደው ያየ የለም። አመሻሽ ላይ ተከራዮቹ አከራዩን ጋሽ ለሜሳን ከበው ቆሙ። ባዩሽ የኢየሩን የልጅ ልጅ ታቅፋ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች።

«ከዚህ በፊት ዕቃ ጠፍቶብን ያውቃል?» አለች ኢየሩ። «አገራቸው እንደሆነ አንዱ ሌላውን እየዘረፈ ነው። ሃይማኖታቸውም ሌላ፣ ከእነሱ ምን ይጠበቃል?»

ሪሐና በሯ ላይ ቆማ ነበር። ንግግሩ ባይገባትም ስለ እሷ እንደሆነ ገብቷታል። ባዩሽ ቀና ብላ ስታያት እናቷ ትዝ አለቻት።

«ሬዲዮው እኔንም ያውከኛል፤ እሱን ንገሩት» አለች ባዩሽ። «ጋቢውን ሲወስዱ ግን ማን አየ? ሰው በመጣበት የሚታወቅ ከሆነ፣ እኔም የሰላሌ ሰው አይደለሁም። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ። ይሄን ሁሉ ዓመት ልጆቻችሁን ሳቅፍ ማን ታመመባችሁ?»

ኢየሩ ጠጋ ብላ ሕፃኑን ከባዩሽ ጭን አነሳችው።

«ስጪኝ፣ ርቦት ይሆናል» አለች። ሕፃኑ ተኝቶ ነበር።

ጋሽ ለሜሳ ሱዳኖቹን አላስወጧቸውም። ሆኖም ሰላምታ የሚመልስላቸው ሲጠፋ ራሳቸው ቤት ፈልገው ለቀቁ። ሪሐና ስትሄድ ባዩሽን አቅፋ አለቀሰች። ጋቢውም አልተገኘም።

ከዚያ በኋላ ሕፃን ይዞ ወደ ባዩሽ ቤት የሚመጣ አልነበረም። ሰዉ «እንደምን አደርሽ» ይላታል፤ ልጁን ግን ወደ ጓዳ ያስገባል። አንድ ቀን መታገሥ አልቻለችምና ኢየሩን ውሃ ስትቀዳ ጠበቀቻት።

«ልጁን አታመጪውም?»

«እኔ እኮ አላምንበትም፣ ባዩ። ልጄ ናት የፈራችው።»

«አንቺስ?»

ኢየሩ ዓይኗን ከጀሪካኑ አላነሳችም። «አሁን ታሞብኝ ቢሞት… ምን እላለሁ?» አለችና ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ተንሰቀሰቀች። ባዩሽ ልታባብላት እጇን ሰደድ አደረገች፤ መልሳ ሰበሰበችው።

ክረምቱ ሲወጣ ባዩሽ ቀጨኔ፣ አቀበቱ ላይ አንዲት ክፍል ተከራየች። በምትሄድበት ቀን ኢየሩ የጥጡን ጆንያ ተሸክማ እስከ ታክሲው ሸኘቻት። መንገድ ላይ ስለ ጥጥ መወደድ አወሩ። ታክሲው ሲንቀሳቀስ ሁለቱም አለቀሱ፤ «ተመለሺ» ያለ ግን የለም።